ትልቋን ልጅ ፋይሉ ውስጥ እናስገባት ወይስ እንተዋት? (ካናዳ፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ ከነቤተሰብ)

የሦስት ልጆች አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔና ባለቤቴ በባለሙያ መንገድ (ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው) ካናዳ ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው። እኔ 41 ዓመቴ ነው። አካውንታንት ነኝ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፣ ከ10 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ 33 ናት። ፋርማሲስት ናት፣ የ6 ዓመት ልምድ አላት። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ከመጀመሪያ ትዳሬ ደግሞ የ20 ዓመት ልጅ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ነው፣ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው።

አንድ ኤጀንት አነጋግረን ነበር። «ትልቋን አትጻፏት» አለን። «እናንተ ግቡ፣ እሷን በኋላ ስፖንሰር አድርጋችሁ ትወስዷታላችሁ። አሁን ካስገባችኋት የምታሳዩት ገንዘብ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል።» ልጄም ብትሆን ትምህርቷን አቋርጣ መሄድ አትፈልግም። ባለቤቴ ነገሩ አላማራትም። ሰውዬው ግን ብዙ ቤተሰብ አሳልፌያለሁ ስለሚል እኔ ልቤ ተከፍሏል። ምን ትላላችሁ? ዋና አመልካች የምሆነው እኔ ነኝ። ሌላ ማወቅ ያለብን ነገር ካለም ንገሩን።

ወረቀት ለቃሚ

ወንድሜ፣ ያንን ሰውዬ ዛሬውኑ ተሰናበተው።

የነገረህ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ልጅህን አሁን ካልጻፍካት በኋላ ስፖንሰር ማድረግ አትችልም። የካናዳ የስደተኞች ደንብ አንቀጽ 117(9)(ዲ) የሚለው ይህንን ነው፦ አንድ ሰው ለፒአር (ለቋሚ ነዋሪነት) ሲያመለክት ያላስመዘገበውና ያልተመረመረ የቤተሰብ አባል በቤተሰብ መንገድ በኋላ ሊመጣ አይችልም። «ረስቼ ነው» ወይም «ኤጀንቱ ነው ያለኝ» አይሠራም። ጠበቃ ይዘው በሰብአዊነት ምክንያት የሚጠይቁ አሉ፣ ግን መብት ሳይሆን ልመና ነው።

ሌላም አለ። ልጅ መደበቅ በሕጉ የተሳሳተ መረጃ መስጠት ነው። ከተደረሰበት ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ 5 ዓመትም ትታገዳለህ። ፒአር ከያዝክ በኋላ እንኳ ቢታወቅ ሊነጠቅ ይችላል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው ሰንጠረዥ ለ4 ሰው 28,362 የካናዳ ዶላር፣ ለ5 ሰው 32,168 ነው። ልዩነቱ 3,806 ዶላር። ለዚህች ብር ብለህ ነው ልጅህን የምትክዳት? ሰንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚቀየር በምታመለክትበት ጊዜ ያለውን ተመልከት።

የሦስት ልጆች አባት

አመሰግናለሁ፣ ደነገጥኩ እውነቱን ለመናገር። እሺ እንጻፋት። ግን «አብራን አትሄድም» ብለን ብንጽፍስ? እንደዚያ ከሆነ ገንዘቡ ላይ አትቆጠርም አይደል?

ቀጠሮ አክባሪ

ትቆጠራለች። ገንዘቡ የሚሰላው በቤተሰቡ መጠን ነው፣ የሚሄድም ይሁን የማይሄድ። ባለቤትና ጥገኛ ልጆች ባይሄዱም ይቆጠራሉ። የሕክምና ምርመራውንም ታደርጋለች። 18 ስለሞላት ከወንጀል ነፃ ማስረጃም ይጠበቅባታል። ስለዚህ «አትሄድም» ማለቱ የሚቀንስልህ ወጪ ኢምንት ነው።

ዋናው ነገር ግን ዕድሜዋ ነው። በካናዳ ሕግ ጥገኛ ልጅ ማለት ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ነው። ብዙ ሰው «ተማሪ ከሆነች ከ22 በላይም ይቻላል» ይላል። ያ ድሮ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀርቷል። አሁን ከ22 በላይ ጥገኛ የሚባለው በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱን መቻል ያልቻለ ልጅ ብቻ ነው።

ዕድሜዋ የሚቆለፈው ሙሉው የፒአር ማመልከቻ በገባበት ቀን ነው። ፕሮፋይል ስትከፍት አይደለም። ግብዣ ሲመጣልህም አይደለም። አንተ ፑል ውስጥ (ግብዣ የሚጠብቁ አመልካቾች ዝርዝር ውስጥ) ተቀምጠህ እሷ 22 ከሞላት አለቀ። ከቆለፍክ በኋላ ግን ፕሮሰሱ ቢጓተትም ችግር የለውም፣ እስካላገባች ድረስ።

«አትሄድም» ብለህ ትተሃት በኋላ ስፖንሰር ላድርግ ብትልስ? ያኔ ዕድሜዋ እንደገና የሚታየው የስፖንሰር ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ነው። ልጅቷ አሁን 20 ናት። እናንተ ሄዳችሁ ተደላድላችሁ ስፖንሰር እስክታደርጓት 22 ያልፋታል። ስለዚህ አስመዝግበሃት እንኳ በሩ ሊዘጋ ይችላል።

እናት ናት

ወንድሜ፣ አንድ መፍትሔ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያየውም። «አብራን ትሄዳለች» ብላችሁ አስገቧት። ቪዛው ሲመጣ አብራችሁ ወይም ከአንተ ኋላ ትግባ (ጥገኛ ከዋናው አመልካች ቀድሞ መግባት አይችልም)። ከዚያ ተመልሳ ትምህርቷን ትጨርስ። ፒአር የያዘ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ ከኖረ መኖሪያውን አያጣም፣ ቀኖቹም ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ዲግሪዋን ጨርሳ ብትመጣ በቂ ጊዜ አላት። መጠንቀቅ ያለባችሁ የመግቢያ ወረቀቱ ቀን እንዳያልፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከሕክምና ምርመራው ጋር ነው የሚያበቃው፣ ምርመራው ደግሞ 12 ወር ነው የሚያገለግለው። ፈተና ላይ ነኝ ብላ ብታሳልፈው ያሳዝናል።

ደግሞ ልጅቷን ጠይቋት እንጂ። 20 ዓመቷ ነው። አትሄድም ስትል ምርጫው «አሁን ወይም መቼም» መሆኑን ነግራችኋታል?

የሦስት ልጆች አባት

አልነገርናትም። እኛም አናውቅም ነበር። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።

ዝም ያለ ሰው

ሁላችሁም አጋነናችሁት። እኔ የማውቀው ሰው ልጁን ሳይጽፍ ገብቷል፣ ማንም ምንም አላለውም። ዓመታት አልፈዋል።

ወረቀት ለቃሚ

ልጁ የት ነው ያለው ታዲያ? ካናዳ ከሌለ ጥያቄውን መልሰሃል። ማንም ምንም ያላለው ገና ስላልጠየቀ ነው። ስፖንሰር ላድርግ ያለ ቀን የድሮው ፋይል ይወጣል።

ቀጠሮ አክባሪ

ወደ ሌላው ጉዳይ ልሂድ፣ ምክንያቱም ጽሑፉን ሳነብ ከልጅቷ ቀጥሎ ያስደነገጠኝ «ዋና አመልካች የምሆነው እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ማን ወሰነ?

ግብዣ የሚላከው ከፍ ያለ ነጥብ ላላቸው ነው፣ ስለዚህ ስሌቱን እንየው። ባለትዳር ለሆነ አመልካች በ41 ዓመት ዕድሜ የሚሰጠው 35 ነጥብ ነው። በ33 ደግሞ 80። 45 ነጥብ እንዲሁ በዕድሜ ብቻ ጠፋ። ከ40 በኋላ በየልደትህ 10 ነጥብ ትጥላለህ፣ 45 ስትገባ ዜሮ ነው።

«እኔ ግን ልምድ አለኝ» ትል ይሆናል። ከካናዳ ውጭ የተሠራ ሥራ ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ 3ም ሆነ 15 ያው ነው። የባለቤትህ 6 ዓመትና የአንተ ከ10 በላይ እኩል ናቸው። ዲግሪያችሁም እኩል ከሆነ የሚለያችሁ ዕድሜና እንግሊዝኛ ነው።

ሁለታችሁም ለየብቻ ፕሮፋይል መክፈት ትችላላችሁ፣ አንዱ ሌላውን እንደ ባለቤት እየጻፈ። የተሻለው ይጋበዛል። ይህንን ለማድረግ ግን ሁለታችሁም የቋንቋ ፈተናና የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ያስፈልጋችኋል። ወጪ ነው፣ ግን ባለቤት የሆነው ሰው ፈተናና ግምገማ እስከ 30 ነጥብ ስለሚያመጣ (ቋንቋ 20፣ ትምህርት 10) ገንዘቡ አይባክንም።

ነጭ ጋውን

ፋርማሲስት ስለተባለ ገባሁ። ባለቤትህ ዋና አመልካች ሆና ዋና ሙያዬ ፋርማሲስት ነው ካለች የትምህርት ግምገማውን እንደ ማንኛውም ሰው ከፈለገችው ድርጅት አታሠራውም። ለፋርማሲስት የተመደበው የካናዳ የፋርማሲ ፈታኝ ቦርድ ነው። ሐኪም ከሆነ ደግሞ የካናዳ የሕክምና ምክር ቤት። ሌሎቻችን ደብልዩ ኢ ኤስንና የመሳሰሉትን እንጠቀማለን። ይህንን ሳያውቁ ከፍለው እንደገና የሚጀምሩ አሉ።

ሌላው፣ ፒአር ማግኘትና በሙያ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒአር የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ነው። የመሥሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የየክፍለ ሀገሩ የሙያ ተቆጣጣሪ ነው። ነርስ፣ መምህር፣ ኢንጂነር፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ባለቤትህ የፈተናውን ሂደት ፒአሩን እየጠበቀች ብትጀምረው ጊዜ ታተርፋለች። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ለይቶ የሚጋብዝ ምድብ አለ። የሙያ ዝርዝሩ ስለሚከለስ የሙያ ኮዷ (ለእያንዳንዱ ሙያ የተሰጠው ቁጥር) መኖሩን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

የሦስት ልጆች አባት

ባለቤቴ ይህንን አንብባ ፈገግ ብላ እያየችኝ ነው። እሺ፣ ዋናዋ እሷ ትሁን! እንግሊዝኛዋም ከእኔ ይሻላል። በአይኢኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ሙከራ ሊስኒንግ 7.5፣ ሌሎቹ 6.5 አምጥታለች። በቂ ነው?

ባንድ አሳዳጅ

ለማመልከት ከበቂ በላይ ነው፣ ዝቅተኛው በአራቱም 6.0 ነው። ለመጋበዝ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። እሷ ያመጣችው በካናዳ መለኪያ 8ኛ ደረጃ ነው። ወደ 9ኛ ለመውጣት ሊስኒንግ 8.0፣ ሪዲንግ፣ ራይቲንግና ስፒኪንግ 7.0 ያስፈልጋታል። ትንሽ ይመስላል አይደል? አሁን ተመልከት። ለባለትዳር ዋና አመልካች 8ኛ ደረጃ በእያንዳንዱ ክፍል 22 ነጥብ ነው፣ 9ኛ ደረጃ 29። በአራቱ 28 ነጥብ ጨመረች። በዚያ ላይ ልምድና ቋንቋ ተጣምረው የሚሰጡት ከ25 ወደ 50 ይወጣል። ዲግሪና ቋንቋ ተጣምረው የሚሰጡት ከ13 ወደ 25። ድምሩ 65 ነው። በግማሽ ባንድ!

ግን ከአራቱ አንዱ 8ኛ ላይ ከቀረ የጥምር ነጥቡ ጭማሪ አይሰጥም። ብዙዎችን ራይቲንግ ነው የሚጥላቸው። ሌላ ከማሰብ በፊት እዚያ ላይ ሥሩ። ፈረንሳይኛ የሚችል ካለ ደግሞ አይደብቀው። አራቱንም ክፍል በ7ኛ ደረጃ ያለፈ እስከ 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፣ የራሱም የግብዣ ምድብ አለው፣ የመጋበዣ ነጥቡም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ዝቅ ይላል።

አይኢኤልቲኤስ ከሆነ ጄነራል ትሬይኒንግ ነው፣ አካዳሚክ አይቀበሉም። ውጤቱ 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። የትምህርት ግምገማው 5 ዓመት።

ሦስተኛ ፎቅ

እኔ የተቸገርኩት በሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርቷል፣ ጠባዩ መልካም ነው» የሚል ሁለት መስመር ነው። ይበቃል?

ወረቀት ለቃሚ

አይበቃም። ብዙ ጥሩ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው የሥራ መደብህን፣ የጀመርክበትንና የጨረስክበትን ቀን፣ በሳምንት የምትሠራውን ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማጥቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋና ዋና ተግባሮችህን መዘርዘር አለበት። ሰዓቱ አስፈላጊ ነው፣ ሙሉ ጊዜ የሚባለው በሳምንት 30 ሰዓት ነው፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ያልተቋረጠ ሥራ ይፈለጋል።

የተግባሮቹ ዝርዝር ከመረጥከው የሙያ ኮድ ጋር መጣጣም አለበት። ማዕረግህ «ማናጀር» ሆኖ የምትሠራው የጸሐፊ ሥራ ከሆነ ኮዱ የሚከተለው ሥራውን ነው። ግን ከድረ ገጹ ቃል በቃል ቀድተህ አታስጽፍ። መርማሪዎቹ በቀን ስንት እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ያያሉ።

አስተዳደሩ እምቢ ካለህ የሥራ ውልህን፣ የደመወዝ ወረቀቶችህን፣ የቅርብ አለቃህ በስሙ የሚጽፈውን ምስክርነትና ለምን ትክክለኛው ደብዳቤ እንዳልተገኘ የሚያስረዳ ማብራሪያ አያይዝ። ዋስትና የለውም፣ ግን ባዶ ከመተው ይሻላል። ግብዣ ከመጣ በኋላ ያለህ 60 ቀን ነው። አለቃህን መለመን መጀመር ያለብህ ከዚያ በፊት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ

ገንዘቡስ? ወንድሜ ለጊዜው አካውንቴ ውስጥ ሊያስገባልኝ ነው፣ በኋላ እመልስለታለሁ።

ቀጠሮ አክባሪ

ያ ብድር ነው፣ ብድር ደግሞ አይፈቀድም። የባንኩ ደብዳቤ የ6 ወር አማካይ ሂሳብህን፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ቀንና ያለብህን ዕዳ ማሳየት አለበት። ባለፈው ሳምንት የገባ ትልቅ ገንዘብ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ወንድምህ በእርግጥ ከሰጠህ፣ መልስ ሳይልህ፣ የስጦታ ደብዳቤና የእሱን ባንክ ማስረጃ ታያይዛለህ። ቤት አለኝ፣ መሬት አለኝ ማለትም አይጠቅምም። ካልተሸጠ አይቆጠርም። ገንዘቡ ስታመለክት ብቻ ሳይሆን ቪዛው ሲሰጥም መኖር አለበት።

ብቻዋን የምታሳድግ

እኔ ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ፈርሜ የተፋታሁት ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ ይሂድ አይልም፣ አይሂድም አይልም። ዝም ነው። ምን ላድርግ?

እናት ናት

እህቴ፣ ዝምታው አይበቃሽም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስትወስጂ የማይሄደው ወላጅ የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ አለ። ወይም ልጁን ብቻሽን እንድታሳድጊና ከአገር እንድታወጪ የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልግሻል። የፍቺ ውሳኔሽን አውጥተሽ አንብቢው። አንዳንዱ «ከእናቱ ጋር ይኑር» ብቻ ነው የሚለው፣ ከአገር ስለማውጣት ምንም አይልም። እንደዚያ ከሆነ ፍርድ ቤት አሁኑኑ ሂጂ፣ ግብዣ እስኪመጣ አትጠብቂ። 60 ቀን ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ምንም ማለት አይደለም።

ዝም ያለ ሰው

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን እንግሊዝ አይሻልም? የእንክብካቤ ሥራ ቪዛ ከነቤተሰብ ይሰጣሉ፣ የአሠሪ ስፖንሰርሺፕ የሚሸጡም አውቃለሁ።

ነጭ ጋውን

ወሬህ አርጅቷል። የእንክብካቤ ሠራተኞች ቤተሰብ ማምጣት የተከለከሉት እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2024 ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለዚያ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው መቅጠር ራሱ ቆሟል። በዚያው ቀን የስኪልድ ወርከር (የባለሙያ ሠራተኛ) ቪዛ አጠቃላይ የደመወዝ ወለል 41,700 ፓውንድ ሆኗል፣ ሥራውም በመሠረቱ የዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት። እንደ ነርስ ላሉ በመንግሥት የደመወዝ እርከን ለሚከፈላቸው ሙያዎች ሌላ ስሌት አለ። የጤና ክፍያ የሚባለውም ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለልጅ 776 ነው፣ የሚከፈለውም ለቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው። ባልና ሚስት ከሦስት ልጅ ጋር አስላው።

ስፖንሰርሺፕ መሸጥ ሕገወጥ ነው። የሚሸጥልህ ሰው ሲያዝ ድርጅቱ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ የሚመለሰው ግን አንተና ልጆችህ ናችሁ።

አምስተኛ ማርሽ

ጀርመንን ያሰበ ካለ በአጭሩ፦ ብሉ ካርድ (ለባለሙያ ሠራተኛ የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ) ለቤተሰብ ጥሩ ነው። ባለቤትህ ጀርመንኛ ሳትፈተን ትመጣለች፣ እንደመጣችም መሥራት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የተጀመረው ቻንሰንካርተ ግን ሥራ መፈለጊያ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ አልተሠራም። አውስትራሊያ ከሆነ ከ45 ዓመት በታች መሆን፣ ቢያንስ 65 ነጥብ መያዝና ግብዣ ከመምጣቱ በፊት ሙያህን ማስገምገም አለብህ። እዚያ በጤና ምርመራ ከቤተሰቡ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃሉ፣ የማይሄደውም ሳይቀር። በቤተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህንን አጣሩ።

አወያይ

ስለ ኤጀንት በተደጋጋሚ ስለምትጠይቁ፦ ለካናዳ በክፍያ ማማከር የሚችሉት የካናዳ ጠበቆች፣ የኩቤክ ኖተሪዎችና በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን የሙያው ተቆጣጣሪ ነው) የተመዘገቡ አማካሪዎች ናቸው። የኮሌጁ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። ፈቃዱ የታገደም እዚያው ይታያል። «እኔ ስሜን ፋይሉ ላይ አልጽፍም፣ እናንተ ራሳችሁ እንዳመለከታችሁ ይሁን» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ፋይሉን ማንም ይሙላው፣ ተጠያቂው ፈራሚው ነው። የኤጀንት ስም እዚህ አትጥቀሱ፣ ይሰረዛል።

የሦስት ልጆች አባት

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ረጅም ሰዓት አወራን። መጀመሪያ «ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም» ብላ ተቆጣች፣ ልክ ናት። «ገብቼ ተመልሼ ልጨርስ» በሚለው ተስማምታለች። የሰውዬውን ስም መዝገቡ ላይ ፈለግን፣ የለም። ባለቤቴ ለፈተና ተመዝግባለች፣ የፋርማሲ ቦርዱንም ፎርም ከፍታለች።

አንድ የቀረ ጥያቄ፦ እኔ ከሁለት አገር በላይ ሠርቻለሁ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ከሁሉም ነው የማመጣው?

ቀጠሮ አክባሪ

ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርክበት አገር ሁሉ። ከ18 ዓመትህ በፊት የነበረው አይቆጠርም። ባለቤትህም ትልቋ ልጅህም እንደዚሁ። የአንዳንድ አገር ማስረጃ ወራት ይፈጃል፣ አሻራ ካለህበት ቦታ ልከህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከእሱ ጀምር። በሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁ እንደ ፓስፖርታችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም እይ፣ የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት ጨምሮ።